ስለ ሥልጣንና ስለ ፍርሃት

ሰው ሁሉ ክፉን በመልኩ የሚያውቀው ይመስለዋል። ቀንድ ያበቀለውን፥ ጥርሱን ያገጠጠውን፥ በጨለማ የሚመላለሰውን ክፉ ይለዋል። ዳሩ ግን፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እጅግ የሚያስፈራው ክፉ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፥ በወንበር ተቀምጦ፥ የብልህ ሰው ንግግር እየተናገረ የሚመጣው ነው።

ይህን ነገር ሚኻይል ቡልጋኮፍ የተባለው የሩሲያ ደራሲ «ማስተርና ማርጋሪታ» በተሰኘው ልብ ወለዱ አሳይቶታል። ደራሲው ይህን መጽሐፍ መጻፍ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ገደማ ነው፤ በ1930 የጻፈውን በገዛ እጁ አቃጠለው፤ እንደ ገና ጀምሮም በ1940 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ሲያርመው ኖረ። በስታሊን ዘመን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሊታተም አይችልም ነበርና፥ ሚስቱ የሌና ጠብቃ አቆየችው። ብዙ ቃል ተቈርጦለት በሞስኮ መጽሔት ላይ የወጣው በ1966 እና በ1967 ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ሰይጣን የውጭ አገር ሊቅ መስሎ፥ እግዚአብሔርም ሰይጣንም የለም ወደሚባልባት ወደ ሞስኮ ይገባል። በቴያትር ቤት ውስጥ ከላይ ገንዘብ ሲያዘንብ ተመልካቹ ይሻማል፤ በኋላ ግን ገንዘቡ ተራ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። ስስቱን ይዞ የመጣው ሰይጣን አይደለም፤ አስቀድሞ በሰዎቹ ልብ ውስጥ ነበረ፤ እርሱ መጋረጃውን ገለጠው እንጂ። ማስተር የተባለውንም ጸሐፊ «የተከለከለ ጽሑፍ በቤቱ አለ» ብሎ ያሳበቀበት ቤቱን የተመኘ ወዳጁ ነው።

ማስተር የጻፈው ታሪክ ስለ ጲላጦስ ነው። ኢየሹዋ የተባለ እስረኛ በፊቱ ይቀርባል፤ የገዥውን ጽኑ የራስ ምታት ሳይነገረው ያውቅለታል፤ ሕመሙም ይተወዋል። ጲላጦስ የሰውየውን ንጽሕና ተረዳ፤ ወደደውም። ነገር ግን በቄሣር ሥልጣን ላይ ተናግሯል የሚል ክስ ሲነበብለት ደነገጠ። ሊያድነው በዘወርዋራ መንገድ ሞከረ፤ ካህናቱ እንዲለቁትም ጠየቀ፤ የራሱን ሹመት የሚያስከፍለውን አንዱን መንገድ ብቻ ተወ። በኋላ ይሁዳን በስውር አስገደለው፤ ደም ግን በደም አይታጠብም። ሁለት ሺህ ዓመት ያህልም በድንጋይ ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ ጨረቃ በሞላች ቍጥር እንቅልፍ እያጣ፥ ከዚያ እስረኛ ጋር ያቋረጠውን ጭውውት ይመኛል።

እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» እንላለን። ጲላጦስን ግን የቈጨው ያልበላው አይደለም፤ ያልተናገረው ነው። ፍርሃትም ወደ እርሱ ሲመጣ «እኔ ፍርሃት ነኝ» አላለውም፤ «ሕግ ነው፤ የቄሣር ትእዛዝ ነው» አለው እንጂ። ለእኛም «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይለናል፤ ሲለሰልስም «ጎመን በጤና» ይለናል። እንዲህ የጥበብን ልብስ ስለሚለብስ፥ ስውር ክፉ ብለን ብንጠራው አልተሳሳትንም።

«እንግዲህ ልጆች ያሉት ሰው በእሳት ይማገድን? ትዕግሥትስ ምግባር አይደለምን?» የሚል ቢኖር፥ ጥያቄው ተገቢ ነው። መለያው ግን ይህ ይመስለኛል። ትዕግሥት በራስ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት መቻል ነው፤ ፍርሃት ግን የራስን ዕዳ በሌላው አንገት መክፈል ነው። ድሀው እንጀራውን እንዳያጣ ዝም ቢል ልናዝንለት ይገባል። ማኅተሙን በእጁ የያዘ፥ እውነቱን ያወቀ፥ ቃሉም የሚሰማለት ሰው ዝም ሲል ግን ዝምታው ሥራ ነው፤ ይፈርዳልና።

ቡልጋኮፍ ራሱም ከፍርሃት ነጻ አልነበረም። በ1939 ስለ ስታሊን ወጣትነት ቴያትር ጽፎ ነበር፤ እርሱም ተከለከለ። እንግዲህ በሌላው ለመፍረድ አንቸኩል። በመጽሐፉ ፍጻሜ ጲላጦስ ይፈታል፤ በአገራችንም ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጲላጦስ ንስሓ ገብቶ ከቅዱሳን ጋር ይቈጠራል። የፈራ ሰው ምሕረት አያጣም። ምሕረቱ ግን የዚያን ቀን ፍርድ ወደ ኋላ አይመልሰውም።

ወጣት ሆይ፥ ነገ በአንድ ወንበር ትቀመጥ ይሆናል፤ የአንድ ሰው ጕዳይም በወረቀት ሆኖ በፊትህ ይቀርብ ይሆናል። እውነቱን እያወቅህ ዝም ለማለት ስታስብ፥ «የዝምታዬን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ከፋዩ አንተ ከሆንህ፥ ምናልባት ትዕግሥት ነው። ከፋዩ በበር ቆሞ መልስህን የሚጠብቀው ሰው ከሆነ ግን፥ ውሃና መታጠቢያ አታስመጣ፤ ተናገር።