ስለ ዋንጫና ስለ ኋላው ረድፍ

አንድ ሰው ክፉ ሥራ ሲሠራ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ማወቅ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ጥፋቱ ተሠርቶ፥ የተበደለውም ሰው በፊታችን ቆሞ ሳለ፥ የበደለው ተፈልጎ የታጣ እንደ ሆነ ነው። ይህን የመሰለ ነገር በዓለም ላይ ብዙ ነው። ደንቡን ያወጣው «እኔ ደንብ አወጣሁ እንጂ በማንም ላይ እጄን አላነሣሁም» ይላል፤ ፈጻሚው «በደንቡ መሠረት ሠራሁ» ይላል፤ ዳኛውም «የሰማሁትን ፈረድሁ» ይላል። የሦስቱም ቃል እውነት ነው፤ በደሉ ግን ተፈጽሟል። እንግዲህ ሌሎች ሰዎች የሚፈተኑበትን ሥርዓት ያቆመ ሰው፥ እነርሱ በፈተናው ቢወድቁ ከጥፋቱ ድርሻ አለው ወይስ የለውም?

ይህ የነገሥታትና የሕግ ዐዋቂዎች ጥያቄ ይመስላል። እኔን ያጋጠመኝ ግን በትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዲጋ፥ የአካባቢውን የመዘምራን መሪዎች ለሁለት ቀን ለመሰብሰብ ስንዘጋጅ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ ትንሽ ነው ብለህ ገጹን አትለፍ፤ በትልቅ ነገር ውስጥ ተሸፍኖ የሚቀረው በትንሽ ነገር ውስጥ ጎልቶ ይታያልና።

በእኛ አገር የመዘምራን መሪ፥ ወይም በተለመደው አጠራር የኳየር መሪ፥ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የለውም። ቀን መምህር ወይም ነርስ ወይም ነጋዴ ነው፤ ማታ ደግሞ ከመስክና ከትምህርት ቤት የሚመጡትን ወጣቶች አሰልፎ ሶፕራኖ፥ አልቶ፥ ቴነርና ባስ ብሎ ይከፍላል። የሚያስተምረው ብዙ ነው፤ እርሱን የሚያስተምረው ግን የለም። ሲቸገር የሚጠይቀው ባልደረባ ቢኖር እንኳ ያ ባልደረባ ከወንዝ ማዶ ነው። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች በአንድ ቦታ ማገናኘት መልካም ነው ብለን ተነሣን።

ዝግጅቱ እንደ ማንኛውም ዝግጅት ነው። ጊዜው እህል ከገባና የቡና ለቀማ ካለቀ በኋላ በጥር እንዲሆን፥ ማደሪያው የትምህርት ቤት ክፍል፥ ፍራሹ ከየቤቱ እንዲሰበሰብ፥ እንጀራውን የሰፈሩ እናቶች እንዲጋግሩ፥ ሌሊት መንገድ ስለማይታመን እንግዳ ሁሉ ሳይመሽ እንዲገባ ተስማማን። በዚህ ሁሉ ክርክር አልተነሣም። ያከራከረን የሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከወጣቶቹ አንዱ፥ ራሱም የኳየር መሪ የሆነ፥ እያንዳንዱ መሪ መዘምራኑን አምጥቶ እንዲወዳደርና ለአሸናፊው ዋንጫ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። እኔ ዝም ባልሁ ጊዜ ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ባርሲሳ፥» አለኝ፤ ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፥ ከጡረታም በኋላ ስሜ ሆኖ ቀርቷል። «ባርሲሳ፥ ዋንጫ ከሌለ ማን ይለማመዳል? እርስዎስ ለተማሪዎችዎ ደረጃ ይሰጡ አልነበረምን?»

ጥያቄው ብልህ ጥያቄ ነው። በእርግጥም ደረጃ እሰጥ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። በክፍል ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ሒሳብ ባይገባው የእኔ ደረጃ አይወርድም፤ እንዲያውም እርሱን ባስረዳው እኔም ትምህርቴን አጠነክራለሁ። በኳየር ውድድር ግን ከጎኔ የቆመው ሰው ከዜማው ቢወጣ የእኔ ዋጋ ይወድቃል። የመጀመሪያው ውድድር ጎረቤቴን እንድረዳው ይተወኛል፤ ሁለተኛው ጎረቤቴ ባይኖር እንድመኝ ያደርገኛል።

ነገሩን በዐይናችን እንየው። አንድ መሪ 24 ዘማሪዎች አሉት እንበል። ከእነዚህ መካከል በኋላው ረድፍ የምትቆም፥ ዝናብ ቢዘንብ የማትቀር፥ ወንበር የምታሰልፍ፥ ቃሉን ሁሉ በቃሏ የያዘች፥ ነገር ግን ድምፅዋ ዜማው ከፍ ባለ ጊዜ ወደ ታች የሚንሸራተት አንዲት ልጅ አለች። በሰንበት ማንም ልብ አይላትም፤ ጉባኤው ሁሉ ይዘምራልና። ዋንጫ የመጣ ዕለት ግን በ24 ድምፅ ውስጥ አንድ የተንሸራተተ ድምፅ እንደ ጠጠር በወጥ ውስጥ ይሰማል። መሪው ክፉ ሰው አይደለም። ልጅቱን ጠርቶ በለሰለሰ ቃል «ለዚህ ጊዜ ብቻ ቅሪ» ይላታል። እርስዋም እሺ ትላለች። በማስተማር በኖርሁባቸው ዓመታት እንዲህ ተብሎ የቀረ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ሲመጣ ያየሁት ጥቂት ነው። የባሰው ደግሞ፥ ከዚያ ወዲያ በቤቱም፥ በሰርግም፥ ልጅ ሲያባብልም አፉን ፈትቶ አይዘፍንም። ለአንድ ከሰዓት በኋላ የተባለው ቃል የዕድሜ ልክ ዝምታ ይሆናል።

አሁን ጥፋተኛውን እንፈልግ። መሪው «ዳኞች አሉ» ይላል። ዳኞቹ «እኛ ዜማ መዘንን እንጂ ማንንም አላስወጣንም» ይላሉ። እኛ አዘጋጆቹ ደግሞ ልጅቱ መኖርዋንም አናውቅም።

«እያንዳንዱ ሰው ነፃ ፈቃድ አለው፤ መሪው ልጅቱን ይዞ ቢሸነፍ ማን ከለከለው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን በኦሪት ዘጸአት ውስጥ ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን ስለ ተወ ሰው የተጻፈ ሕግ አለ፤ የሌላ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት የጕድጓዱ ባለቤት ዋጋውን ይከፍላል። ሰው በሬ አይደለም፥ ጕድጓዱን ያያል፥ ዞሮም ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ የቈፋሪው ዕዳ በሰው ጊዜ ያነሰ ይሆናል እላለሁ። ያነሰ ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም። ያውም እኛ የምንቈፍረው ጕድጓድ ሰው ተሽቀዳድሞ በሚሮጥበት መንገድ መካከል ነው፤ ዞሮ የሚያልፈውም ከሁሉ በኋላ የሚደርሰው ነው።

ከዚህ የበረታ ሌላ ተቃውሞ አለ፥ እርሱንም በቀላሉ ማለፍ አይገባም። የተዝረከረከ ዝማሬ ምን ክብር አለው? መልካም ድምፅ የተሰጣት ልጅስ ስጦታዋ በሌሎች ስንፍና ሊቀበር ይገባልን? በዌልስ አገር አይስቴድቮድ የሚባል የቅኔና የዜማ ውድድር አለ፤ በ1176 እ.ኤ.አ. ሪስ የተባለ መስፍን በካርዲጋን ግንብ ባለቅኔዎችንና ባለዜማዎችን አወዳድሮ ለአሸናፊዎቹ ወንበር እንደ ሸለመ ይነገራል። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1872 እና በ1873 እ.ኤ.አ.፥ ከዚያው አገር የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎችና የብረት ሠራተኞች የሚበዙበት፥ ካራዶግ በሚባል በአንጥረኝነት ባደገ ሰው የሚመራ ከ400 በላይ ድምፅ ያለው ኳየር ወደ ለንደን ሄዶ በክሪስታል ፓላስ ዋንጫ ወሰደ። ያ ዋንጫ ድኻውን ሠራተኛ አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲሄድ አደረገው። ውድድር ሁሉ ክፉ ነው የሚል ሰው ይህን ታሪክ መካድ አለበት፤ እኔ አልክደውም። ነገር ግን በ400 ሰው መካከል የአንድ ሰው መንሸራተት ይዋጣል፤ በዲጋ በ24 ሰው መካከል አይዋጥም።

በኢስቶኒያ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። በ1869 እ.ኤ.አ. በታርቱ ከተማ የተጀመረው የዝማሬ በዓል በየዘመኑ እየሰፋ ሄዶ፥ ዛሬ በታሊን ከ20,000 የሚበልጡ ዘማሪዎች በአንድ መድረክ ቆመው በአንድነት የሚዘምሩበት ሆኗል። እዚያም ቢሆን ኳየሮቹ አስቀድመው ይሰማሉ፥ ያልተዘጋጀው ይቀራል፤ ስለዚህ እነርሱም ከጥያቄያችን አላመለጡም። ሆኖም በ1988 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ በዚያ ሜዳ ሌሊት ተሰብስቦ የአገሩን መዝሙር በዘመረ ጊዜ፥ ድምፁን የመረመረ ዳኛ አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ግን ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በደርግ ዘመን በወለጋ ብዙ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያኖች ሲዘጉ፥ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በ1971 ዓ.ም. ተወስደው ሲገደሉ፥ መዝሙር በየጓዳው ዝቅ ብሎ ይዘመር ነበር። በራፉን አንኳኩቶ የገባውን ሰው «ድምፅህ ያምራልን?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ መምጣቱ ይበቃ ነበር። ከዚያ በፊትስ? በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ነቀምቴ መጥተው ወንጌልን ያስተማሩት አናሲሞስ ነሲብ፥ የኦሮምኛውንም መጽሐፍ ቅዱስ በመተርጐም የረዳቻቸው አስቴር ጋኖ፥ ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት የተያዙ ነበሩ። አስቴር 500 ያህል የኦሮሞ ተረትና ምሳሌ፥ እንቈቅልሽና ዘፈን ከትዝታዋ አውጥታ እንደ ጻፈች ይታወቃል። እነዚያ ዘፈኖች እስከ እርስዋ የደረሱት በማን ጉሮሮ ነው? በተመረጡ ዘፋኞች ብቻ እንዳልሆነ እሙን ነው። በደቦ የሚቈፍረው፥ በወፍጮ ላይ ያጎነበሰችው፥ ከብት የሚጠብቀው ልጅ፥ ድምፀ መልካሙም ድምፀ ሻካራውም ተቀባብለው አደረሱት። የአገር ዜማ በአማካይ ጉሮሮ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የተመረጠው ድምፅ ያስጌጠዋል እንጂ ብቻውን አያቈየውም።

ከቅዱስ ያሬድም ታሪክ አንድ ነገር እንውሰድ። ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ከጌዴዎን ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ሲያርፍ፥ እየወደቀች ደጋግማ ስትወጣ በመጨረሻ ከላይ የደረሰችውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ሁላችንም ሰምተናል። የያሬድ ችግር የድምፅ ሳይሆን የማስታወስ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ምሳሌውን ብወስድ ማታለል ይሆንብኛል። ይሁን እንጂ ሰባኪዎች ስለ ትሊቱ ብቻ ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ስለ ጌዴዎን የሚናገር ግን አልሰማሁም። ልጁ በተመለሰ ጊዜ መምህሩ ተቀብሎ እንደ ገና አስተማረው። የመምህሩ ደጅ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ የትሊቱ ትጋት ምን ይፈይድ ነበር?

በሥራ ያየሁትንም ልጨምር። ከዜማ የሚወጣ ሰው ሁሉ ጆሮ የለውም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ጆሮው ይሰማል፥ ጉሮሮው ግን መንገዱን አላወቀም። መሪው «ወደ እኔ ና» ከማለት ይልቅ አስቀድሞ እርሱ ወደ ዘማሪው ቢሄድ፥ ማለትም ያ ሰው ራሱ ያወጣውን ድምፅ ተቀብሎ ከእርሱ ጋር ቢገጥም፥ ከዚያም አንድ እርምጃ ወደ ላይ አንድ እርምጃ ወደ ታች እያደረገ ቢመራው፥ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብዙው ይቀናል። በሁለት እርግጠኛ ድምፆች መካከል ማቆምም ይረዳል። ድምፁ እየጎረነነ ያለ የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ ትዕግሥት እንጂ ፍርድ አያስፈልገውም፤ ስንት መልካም ባስ በዚያ ዕድሜ ተባርሮ ቀርቷል! እርግጥ ነው፥ ምንም ቢደረግለት የማይቀና ሰው አልፎ አልፎ ይገኛል። እርሱን «ድምፅህ ድንቅ ነው» ብሎ መዋሸት አይገባም፤ ለብቻ የሚዘመረውም ክፍል ለሚችለው ይሰጥ። ስጦታ ያላትን ልጅ ከፊት ማቆም አንድ ነገር ነው፥ ያቺን ሌላዋን ከኋላው ረድፍ ማስወጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ በስብሰባው ላይ ሌላ ሐሳብ አቀረብሁ። ስብሰባው የመሪዎች ስለ ሆነ፥ የሚፈተነው የመሪው ጥበብ ይሁን። እያንዳንዱ መሪ ከስም መዝገቡ በዕጣ የወጡትን ሦስት ዘማሪዎች ይዞ ይምጣ፤ ከባልደረቦቹም ፊት ያስተምራቸው፤ ሌሎቹም አይተው ይማሩ፥ ያርሙትም። በመጨረሻ ሁሉም በአንድነት አንድ መዝሙር በአራት ድምፅ ይዘምሩ። ዋንጫ አይኑር። ዘጠኝ ነበርን፤ ስድስቱ ተስማሙ። ያ ወጣት ከሦስቱ አንዱ ነበር፥ ልምምዱ ይላላል ብሎ አሁንም ያምናል። ሊላላ ይችላል፤ ይህ አይሆንም ብዬ ልምልለት አልችልም።

ነገር ግን ስብሰባው ሊበተን ሲል ያው ወጣት እጁን አነሣና «እንግዲያው፥ ባርሲሳ፥ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት መሪው ደካሞቹን ከመዝገቡ ቢሰርዝስ?» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ጕድጓዱን ደፈንን ስንል ሌላ ቈፍረን ነበር። በእርግጥም ባልደረቦቹ ፊት እንዳያፍር የሚፈራ መሪ ለዋንጫ ከሚጓጓ መሪ የተሻለ እንዲሠራ ምን ያስገድደዋል? ብዙ ተነጋግረን፥ ዕጣው የሚወጣበት መዝገብ ስለ ስብሰባው ከመነገሩ በፊት በመስከረም የነበረው እንዲሆን፥ ከኮሚቴውም ሁለት ሁለት ሰው እየሆንን በታኅሣሥ በየልምምዱ ቦታ እየዞርን በዝምታ ከኋላ ተቀምጠን እንድናይ ተባለ። ከዲጋ በስተ ምዕራብ ወደ ደዴሳ የሚወርደው መንገድ ለእኔና ለዚያ ወጣት ደርሶናል።