ጉሮሯችንን የሚጠብቅ ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው እሑድ ከጉባኤ በኋላ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳንቋጨው ተለያየን። «ሰው ለሚበላውና ለሚጠጣው መንግሥት ምን አገባው?» የሚል ነበር። እኔም ሳስበው ሰንብቼ ይህችን ጽሑፍ አቀረብኩላችሁ።

በመጀመሪያ ጨውን እንመልከት። እንደ አቀስታ ባለ ደጋ አገር ዝናቡ አፈሩን እያጠበ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ስለሚወስድ ከእህላችን ይጎድላል። እንቅርት የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው፤ እርጉዝ እናት ሲጎድላት ደግሞ የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ በሚውል ጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር አዘዘ። እናቶቻችን ከገበያ ጨው ሲገዙ አዮዲን ይኑረው አይኑረው በዓይን አይተው አይለዩም። ታዲያ ገዢው ሊያውቀው የማይችለውን የሚቆጣጠርለት ቢኖር ነፃነቱ ተነካ ይባላልን? አይባልም።

ሁለተኛው መጠጥ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። እዚህ ላይ ግን የራሴን በደል ልናገር። እናቴ እኛን ያሳደገችን አረቄ አውጥታ በመሸጥ ነው፤ ደብተሬም ልብሴም የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። አንድ የገበያ ቀን እናቴ ሳትኖር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ መጥቶ «ለአባቴ ነው» አለኝ። ውሸቱን እንደሆነ ዓይኑ ይናገር ነበር። ሳንቲሙን ተቀብዬ ቀዳሁለት። ማታ በዚያ ውርጭ ከመንገድ ዳር ወድቆ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገንና ጎረቤት ደርሶለት ተረፈ። እናቴ ያን ሌሊት ሳትተኛ አደረች፤ ከዚያ ወዲህ ለልጅ አትቀዳም፣ «ለአባቴ» ቢልም «አባትህ ይምጣ» ትለዋለች።

ወንድሞቼ፣ አዋጁ ያን ጊዜም ነበረ፤ እጄን ግን አልያዘውም። ሕግ በየቤቱ ማሰሮ አጠገብ ሊቆም አይችልም። ልቁም ቢልም ጭካኔ ይሆናል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩ እንዲቆረጥ አዝዘው እንደነበር በታሪክ ይነገራል። ከንፈር ተቆርጦ ግን ልብ አይቀናም።

ነቢዩ ዳንኤልን አስቡ። የባቢሎኑ ንጉሥ ከማዕዱ እንዲበላና ከወይኑ እንዲጠጣ መደበለት፤ እርሱ ግን ጥራጥሬና ውኃ መረጠ፣ ዐሥር ቀንም ተፈትኖ ፊቱ አምሮ ታየ። የንጉሥ ትእዛዝ እንኳ የሕሊናን ደጅ ሊያልፍ አልቻለም። እኛስ ረቡዕና ዓርብ ከሥጋና ከወተት የምንከለከለው ቀበሌ አዝዞን ነውን? ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አረቄ የማይቀምሱት ፖሊስ ፈርተው ነውን? አይደለም፤ እምነታቸው ነው የሚከለክላቸው።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ሻጩ ገዢውን እንዳያታልል፣ ያልበሰለ ልጅ እንዳይጠፋ መንግሥት ሕግ ያውጣ፤ ተገቢ ሥራው ነውና። በገዛ ጉሮሯችን ላይ መሠልጠን ግን የእኛ ፋንታ ነው፤ ስለ እኛ የሚጾምልን አዋጅ የለም። ቅዱስ ጳውሎስም ለሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ ጢሞቴዎስን የመከረ ሆኖ ሳለ፣ የሚበላው ነገር ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ግን እርሱ ራሱ እንደሚተወው ጽፏል። ጥያቄው «ይፈቀድልኛልን?» ብቻ ሳይሆን «ወንድሜን ይጥለዋልን?» ጭምር ነው።

ስለዚህ በማኅበርና በጥምቀት ጠላ ስንቀዳ ለታናናሾቻችን ውኃ እናቅርብ፤ እነርሱ እያዩንም መለኪያ አንደርድር። ያን ልጅ ዛሬም በመንገድ ሳገኘው አንገቴን እደፋለሁ። ከእናንተ ማንም ይህን ሸክም እንዳይሸከም እለምናለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።