የመነኩሴው ቁጥር

የምናከብረውን ሰው ቃል መመርመር ንቀት ነው ወይ? በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ይህ ጥያቄ ጮክ ተብሎ ባይጠየቅም በብዙዎች ልብ አለ። እስቲ አንድ ቁጥር ይዘን እንየው። 147,573,952,589,676,412,927። 67 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝታችሁ ከውጤቱ 1 ስትቀንሱ የምታገኙት ነው።

ማሪን መርሰን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ይህ ቁጥር ፕራይም ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1644 ጻፈ፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም ማለቱ ነው። መርሰን ከነዴካርትና ከነፌርማ ጋር የሚጻጻፍ የተከበረ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ተሳስቷል። ስህተቱን ኤድዋር ሉካስ ያረጋገጠው በ1876 ነው። በመካከሉ ባለፉት 232 ዓመታት ቁጥሩ አንድም ቀን ፕራይም ሆኖ አላደረም። የመርሰን ክብርም፣ የአንባቢዎቹ ዝምታም አልለወጠውም።

የሚገርመው ግን፣ ሉካስ ቁጥሩ እንደሚካፈል ቢያረጋግጥም በምን እንደሚካፈል አላወቀም ነበር። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን በእርግጠኝነት አውቆ ማንነቱን አለማወቅ እንደ ማለት ነው። (ይህን ይዛችሁ የእግዚአብሔርን መኖር በሂሳብ ለማስረዳት እንዳትሮጡ አደራ፤ ሂሳብን ያለ ሥራው አናሠራው።)

በ1903 ፍራንክ ኮል የተባለ አሜሪካዊ መምህር ኒው ዮርክ ውስጥ በሂሳብ ሊቃውንት ስብሰባ ላይ ሁለቱን አካፋዮች አቀረበ፤ 193,707,721 እና 761,838,257,287። እንደሚተረከው አንዲት ቃል ሳይናገር በሰሌዳው ላይ አባዝቶ ተቀመጠ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተሞላ። ሥራው የሦስት ዓመት እሑዶች እንደ ወሰደበት ተናገረ ይባላል። የእሑዱን ነገር ለእናንተ ውይይት ትቼዋለሁ።

ታዲያ ኮል ምን ጨመረ? ቁጥሩ ፕራይም አለመሆኑ ከታወቀ 27 ዓመት አልፎታል። እኔ እንደሚመስለኝ እውነቱን ከጥቂቶች እጅ አውጥቶ ለሁሉም ሰጠ። የሉካስን ማረጋገጫ ለመከተል ብዙ መማር ያስፈልጋል። የኮልን ግን ማባዛት የሚችል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እርሳስና ወረቀት ይዞ በአንድ ከሰዓት ይፈትነዋል። ወንድማችንን “ተሳስተሃል” ስንለው ብዙ ጊዜ እውነታችንን ነው፤ የት ላይ እንደ ተሳሳተ እርሱ ራሱ እንዲያየው አድርጎ ማሳየት ግን እሑዶችን ይጠይቃል። እኛ ደግሞ እሑዶቹን ሳንከፍል ጭብጨባውን እንፈልጋለን። በሌላ በኩል የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ትምህርት በየዕለቱ ከመጻሕፍት ጋር ሲያመሳክሩ ሉቃስ አመሰገናቸው እንጂ ደፋሮች አላላቸውም። ሐዋርያ ከተመረመረ የእኛ ትምህርት የማይመረመርበት ምክንያት አይታየኝም፤ የእኔንም ጨምሮ።

የመርሰን ዝርዝር በኋላ ሙሉ በሙሉ ተፈትሿል። በ257 ላይም ተሳስቶ ነበር፤ 61ን፣ 89ንና 107ን ደግሞ ዘልሏቸዋል። ዝርዝሩን ያረሙት ሊቃውንት ግን ስሙን አልፋቁትም። እነዚህ ቁጥሮች እስከ ዛሬ የመርሰን ቁጥሮች ይባላሉ።