የልደታው ጆተኒ

ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተሰለፈበት ቦታ ገና የጭቃ ቤት ሰፈር ሳለ፣ አንድ አናጢ ነበረ። ምሳሌ ነውና ስም አያስፈልገውም፤ የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ» ይሉት ስለነበር እኛም በዚያው እንጥራው።

ጋሼ አልጋ ይሠራል፣ ቁም ሣጥን ይሠራል፣ የወለቀ በር ይጠግናል። ከሌላው አናጢ የሚለየው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን አንድ የጌጃ ሰፈር ሰው የተሰባበረ ጆተኒ በጋሪ አስጭኖ መጣና «ብረቱን አቅናልኝ፤ ሰዎቹንም ለውጥልኝ» አለው። ጋሼ አሮጌዎቹን ተጫዋቾች አንድ በአንድ እያነሳ አገላብጦ አያቸው። እግራቸው ድቡልቡል ነው። ኳሱ ሲነካቸው ወዳሻው ይሸሻል። ልጆቹ ጎበዝ ስለሆኑ የሚያገቡ ይመስላቸው ነበር እንጂ ነገሩ በአብዛኛው ዕድል ነው።

አዲሶቹን ተጫዋቾች ከወይራ ቀረጻቸው። እግራቸው ላይ ሲደርስ መጋዙን አስቀምጦ ሞረድ አነሳና የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጠፍጣፋ ቦታ አወጣላቸው፤ ጫፋቸውንም ጥቂት ወደፊት አዘነበለው። ሌላውን አካላቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፤ ያችን ጠፍጣፋ ግን አልነካትም፤ ኳስ እንድትይዝ ሻካራ መሆን አለባትና። ብረቶቹን ግራሶ ቀባቸው፣ እጀታቸውን በካላማዳሪያ ጠቀለለው። ከዚያ ኳሱን ጣለው። ኳሱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ከአንዱ ተጫዋች እግር ሥር ሲደርስ ቀጥ አለ። በዚያ ሰፈር ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ልጅ ጆተኒ ላይ ኳስ ይዞ አሰበ፤ በረኛውን ወደ ቀኝ አታሎ በግራ አገባበት።

ከዚያ ወዲያ ጋሼን አልጋ ሥራልን የሚለው ሰው ቀነሰ። ሁለት ደቀ መዝሙር ይዞ በወር ሁለት ጆተኒ ያወጣ ጀመር። አንድ ልማድ ነበረው። የተጠናቀቀውን ጆተኒ ለገዢው ከማስረከቡ በፊት ደጃፉ ላይ አውጥቶ ልጆቹን በነፃ ያጫውታቸዋል። ራሱ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሌላ እንጨት ይልጋል፤ ጆሮው ግን እነሱ ጋ ነው።

«ጋሼ፣ ሜዳው ወደ ሰማያዊዎቹ ያደላል!»

«ጋሼ፣ የዚህ በረኛ ብረት ይነክሳል!»

አይከራከርም። ተነስቶ በመላጊያ አንድ ጊዜ ሸረፍ ያደርጋል፣ ወይ ብረቱን አውጥቶ ቀዳዳውን ያሰፋል። ልጆቹ መነጫነጭ ትተው እርስ በርስ መሰዳደብ ሲጀምሩ ጆተኒው አለቀ ማለት ነው፤ ገዢው ይጠራል። ከመውጣቱ በፊት ጎኑ ላይ ትንሽ ነጭ እርግብ ይሥልበታል።

እርግቧ ታወቀች። ከአብነት እስከ ተክለ ሃይማኖት፣ ከኮካ እስከ ጦር ኃይሎች፣ ጆተኒ የሚያስጫውት ሁሉ በስሙኒ ስሙኒ ኪሱን የሚሞላለት እርግብ ያለበት ጆተኒ እንደሆነ አወቀ። ግንቦት 1 ቀን ንፍሮው በየደጁ ተቀቅሎ ቡናው ሲፈላ፣ ጎረምሶቹ ንፍሯቸውን በእፍኝ እንደያዙ ጋሼ ደጃፍ ይሰለፉ ነበር። ጆተኒ ለማሠራት የሚጠብቀው ሰው ብዛት ለወራት የሚበቃ ሆነ።

አማካሪ የማያጣ ሰው ሆነ ማለት ነው። ወዳጆቹ አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩት ነበር፦ ይህን ስም ይዘህ በዚህች ጠባብ ቤት ምን ታደርጋለህ? እኔ እንደሚመስለኝ ጋሼን የጣለው ስግብግብነት አይደለም። ልጆቹ የወደዱት እሱን መሰለው፤ ያችን ጥፍር የምታህል ጠፍጣፋ መሆኑን ረሳ። ሰው የወደደው እኔን ከሆነ ደግሞ እጄን ያስገባሁበት ሁሉ ይሳካል ማለት ነው።

ተበደረ። ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ሰፊ አዳራሽ ተከራየ፤ 30 ሠራተኛ ቀጠረ፤ የሚሽከረከር ወንበር ያለው ቢሮ አዘጋጀ። ተጫዋቾቹን ቶሎ ቶሎ የሚያወጣ ቶርኖ አስመጣ። ቀጥሎ እርግብ የተሣለበት የሕፃናት አልጋ መጣ። ከዚያ ዳቦ ቤት ከፈተ፤ ዳቦው እርግብ ይመስላል፣ ዓይኑ ጥቁር አዝሙድ ነው። መጨረሻ ላይ በሰበታ መንገድ ቦታ ፈልጎ ቀብድ ከፈለ፤ ትልቅ የልጆች መዝናኛ ሊሠራበት ነው። የእርግብ ሐውልት በራፉ ላይ ሊያቆም ከአንድ ቀራፂ ጋር ዋጋ እስከ መነጋገር ደርሶ ነበር።

አንድ ቀን ትልቁ ደቀ መዝሙር ከቶርኖ የወጣ ተጫዋች ይዞ ቢሮ ገባ።

«ጋሼ፣ ይሄ ኳስ አይዝም።»

«ማን አለ?»

«ልጆቹ ናቸዋ።»

«ልጆቹ ገዢ አይደሉም» አለ ጋሼ።

ደቀ መዝሙሩ ያለው ልክ ነበር። ቶርኖ እንጨት እያዞረ ስለሚቆርጥ የሚያወጣው ክብ ነገር ነው። ጠፍጣፋዋ በእጅ ካልሆነ አትወጣም። 30 ሠራተኛ ደመወዝ የሚጠብቅበት አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ እግር ሞረድ ይዞ የሚቀመጥበት ጊዜ የለም።

ይህም ሆኖ ጆተኒው በዚያ ዓመት ከምንጊዜውም በላይ ተሸጠ። ጋሼ የወደቀው ጆተኒው በተሸጠበት ዓመት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም። ጆተኒ የሚፈለገው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ክረምት ላይ ነው፤ ደመወዝ ግን ወር በመጣ ቁጥር ይከፈላል። በዚያ ላይ ጥሩ ጆተኒ የገዛ ሰው ዓመታት ሳያልፉ ሌላ አይገዛም። አልጋው የማንም አልጋ ሆኖ መጋዘን አጣበበ። ዳቦው ጥሩ ነበር ይባላል፤ ግን ከጎኑ ያለው ዳቦ ቤት በርካሽ ይሸጣል። አበዳሪዎቹ ከሰሱት። ልደታ ፍርድ ቤት ደግሞ ለጋሼ ሩቅ አይደለም፤ በእግሩ ይሄድ ነበር፣ መንገድ ላይ የሚያውቁት ሁሉ «ጋሼ፣ ለማን ምስክር ልትሆን ነው?» እያሉት።

ያለው ንብረት ተዘረዘረ። አዳራሹ ኪራይ፣ ቢሮው ኪራይ፣ የሰበታው ቦታ ቀብድ ብቻ። አልጋውን የሚፈልግ የለም። አንድ የመርካቶ ነጋዴ መጥቶ ሁሉንም በጸጥታ ዞሮ አየና እንዲህ አለ፦

«አልጋውን ተወው። ዳቦ ቤቱንም አልፈልግም። እርግቧን ስጠኝ፣ የእግሩን ቅርጽ ጨምረህ።»

ጋሼ ሰጠ። ውሉ ላይ ሁለተኛ በሚሠራው ጆተኒ ላይ እርግብ እንዳይሥል የሚል ሐረግ ነበረበት፤ ፈረመ።

ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምሳሌው እንዲቀልልኝ ብዬ ክፉ ላደርገው እችል ነበር። ትልቁን ደቀ መዝሙር ቀጥሮ ሞረዱን መለሰለት። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ከተሠራ፣ ባቡሩም መሄድ ከጀመረ በኋላ እርግብ ያለበት ጆተኒ አሁንም ይሸጣል፤ ኳስም ይይዛል። ጋሼ አርጅቶ አንድ ቀን ከብሎኩ ሥር ካሉት ሁለት ጆተኒዎች ወደ አንዱ ሲጠጋ አንድ ልጅ እጁን ይዞ አስቆመው። «አባባ፣ ያችኛዋ ትሻላለች፤ እርግብ ያለባት» አለው።

ምሳሌው ይኸው ነው። ዳቦውን ለማሳቅ የጨመርሁት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። እንዲያውም ከምሳሌው ውስጥ እውነት የሆነው ዳቦው ነው።

ማሳሚትሱ ኒታኒ እ.ኤ.አ. በ1982 ኮምፓይል የተባለ ትንሽ የቪዲዮ ጌም ስቱዲዮ አቋቋመ፤ ቶኪዮ ሳይሆን ሂሮሺማ ውስጥ። መጀመሪያ የሚታወቁት ዛናክ (1986) እና አሌስቴን (1988) በመሳሰሉ የተኩስ ጨዋታዎች ነበር፤ ሙያተኞች የሚያደንቋቸው፣ ሰፊው ሕዝብ ግን የማያውቃቸው ሥራዎች። በ1991 ፑዮ ፑዮ መጣ። ዓይን ያላቸው ባለቀለም እንክብሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከላይ ይወርዳሉ። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው አራቱ ሲነካኩ ይጠፋሉ፤ የእነሱ መጥፋት ሌሎቹን አውርዶ ሌላ መጥፋት ካስከተለ፣ ተጋጣሚው ሜዳ ላይ የማይረባ እንክብል ይዘንብበታል። በዓመቱ ከትልቁ የጨዋታ ድርጅት ከሴጋ ጋር ሆነው በሳንቲም በሚሠሩት የመጫወቻ ማሽኖች ላይ አወጡት፤ ጃፓን አበደች። በ1994 በወጣው ሁለተኛው ፑዮ ፑዮ አንዲት ሕግ ጨመሩ፦ የሚዘንብብህን በራስህ ሰንሰለት መመከት ትችላለህ። ከዚያ በፊት ቀድሞ የመታ ያሸንፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው መልስ መስጠት ይቻላል። ትንሽ ነገር ናት። ሰው ለዓመታት ያልጠገበው ግን በእሷ የተነሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡ ገባ፤ ስቱዲዮውም አበጠ። ፑዮማን የሚባል፣ እንክብሏን የመሰለ፣ ውስጡ ጣፋጭ የሆነ ዳቦ መሸጥ ጀመሩ። ለመሥሪያ ቤቶች የሚሆን ሶፍትዌር ሠርተው ብዙ ማስታወቂያ አፈሰሱበት። የመዝናኛ ፓርክ ሊገነቡ አሰቡ። በ1998 ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው ፍርድ ቤት ደረሱ፤ የፑዮ ፑዮ መብትም ለሴጋ ሆነ። ኮምፓይል ለጥቂት ዓመታት አዝግሞ በ2003 ተዘጋ። ሴጋ ጨዋታውን ዛሬም በደህና ይዞታል፤ በ2014 ከቴትሪስ ጋር ያጋባውን ብዙ አገር ተጫውቶታል።

እኔን የሚያስገርመኝ ማበጡ አይደለም፤ የሚያብጥ ሞልቷል። የሚያስገርመኝ ዕዳ ሲመጣ የሚወስደው ነገር ነው። ገንዘቡ የፈሰሰው ከጨዋታው ውጭ ባሉ ሥራዎች ላይ ነበር። ዕዳው የወሰደው ግን ምንም ያላጠፋውን ጨዋታ ነው። ስለዚህ የሌሎቹን ዕዳ የከፈለው እሱ ሆነ። አዳዲሱን ሥራ ከዋናው ሥራ በተለየ ሒሳብና በተለየ ዋስትና ያልያዘ ባለሙያ ሁሉ ዋናውን ሥራውን ሳያውቅ መያዣ አድርጎታል።

ምሳሌው ሁሉንም ስቱዲዮ አይመጥንም። ክሎቨር ስቱዲዮ ዳቦም ፓርክም አላማረውም። በ2006 ኦካሚን ሠራ፤ ሥዕሉ በብሩሽና በቀለም የተሣለ የሚመስል፣ ያየው ሁሉ ያመሰገነው ጨዋታ። በደንብ አልተሸጠምና ባለቤቱ ካፕኮም በ2007 ዘጋው። እርግቧ ከመጀመሪያውም የሌላ ሰው ነበረች።

ወሬውን ከሂሮሺማ ያመጣሁት አዲስ አበባ ውስጥም ጨዋታ የሚሠሩ ልጆች ስላሉ ነው። ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምትሸሽ ዶሮ የምትሮጥበትን ኩኩሉን ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ከዚህ በኋላም ይወጣሉ። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ዘፈን ይጠብቃል፤ ግን የኢኮኖሚ መብቱ በውል ለሌላ ይተላለፋል ይላል። በፈቃድ ማከራየትና ሙሉ በሙሉ መሸጥ በውል ላይ የጥቂት መስመሮች ልዩነት ነው፤ ባለሀብት ገንዘብ ይዞ ሲመጣ እነዚያን መስመሮች ቁጭ ብሎ የሚያነብ ወጣት ደግሞ ጥቂት ነው። መጀመሪያ የሚታየው የገንዘቡ መጠን ነው።

ኒታኒ ወደ ሙያው ተመልሷል። ከብዙ ዓመት በኋላ ኮምፓይል ማሩ የሚባል ትንሽ ድርጅት አቁሞ ኒዮኪ ኒዮኪ የተባለ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ለኒንቴንዶ መጫወቻ አወጣ። ከላይ የሚወርዱ ነገሮችን ገጥሞ ማጥፋት እንደ ድሮው አለበት፤ ፑዮ ፑዮ ብሎ ሊሰይመው ግን ሴጋን ማስፈቀድ ነበረበት።