ነጃሳ ማለት የተጠላ ማለት ነውን?

ውድ አንባቢ ሆይ! ጎዳና ላይ የሚያድር፣ ለራሱ እራት ያላገኘ ልጅ ካለችው ቁራሽ ዳቦ ላይ ቆርሶ ለውሻ ሲሰጥ ብታይ ምን ትላለህ? «ሞኝ ነው» ትላለህ? «ነጃሳ መሆኑን አያውቅም» ትላለህ? ወይስ ቆም ብለህ ስለ ራስህ ታስባለህ?

ይህን ጥያቄ ያስነሣኝ ስለ ከተማችን የተጻፈ አንድ የልጆች ልብ ወለድ ነው። ብሪታኒያዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው ሲሆን ርእሱ በአማርኛ «የቆሻሻው ንጉሥ» እንደ ማለት ነው። ማሞ እናቱ የሞተችበት፣ «አጎትህ ነኝ» ባለ ሰው ተታሎ ለከብት ጠባቂነት ወደ ገጠር የተሸጠ ልጅ ነው። ዳኒ ደግሞ ከሀብታም አባቱ ቤት ኮብልሎ የወጣ ነው። ሁለቱም ከጎዳና ልጆች ጋር ይቀላቀላሉ። የልጆቹ ሕግ የተገኘውን ተካፍሎ መብላት ነው። በዚያ ሁሉ ችግር መካከል አንድ ቡችላም ያስጠጋሉ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለኮልፌ ቀራንዮ ሰዎች ሩቅ አይደለም። የከተማው ቆሻሻ ለብዙ ዓመታት የተከመረበት ረጲ፣ «ቆሼ» የምንለው፣ እዚሁ ነው። ሰውና ውሻ ከአንድ ክምር ሲለቅሙ ኖረውበታል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎች አልቀውበታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የሰፈር ልጆች ውሻ በድንጋይ ሲያሳድዱ «ለምን?» ቢባሉ «ነጃሳ ነዋ!» ይላሉ። ነገር ግን ነጃሳ የንጽሕና ሕግ እንጂ የጭካኔ ፈቃድ አይደለም። በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ የላሰው ዕቃ 7 ጊዜ፣ አንዱም በአፈር፣ ይታጠባል። በማሊኪይ መዝሀብ ውሻ በሕይወት ሳለ ንጹሕ ነው። ዑለማዎቹ የተለያዩት በእንስሳው ንጽሕና ላይ ነው፤ ያለ ጥፋቱ ማሠቃየትን ግን ማንም አልፈቀደም።

«ውሻ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም አልተባለምን?» ትል ይሆናል። ተብሏል። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ካልሆነ ማኖሩም አልተወደደም። ሆኖም ቤት ማስገባት ሌላ፣ የተራበን ማብላት ሌላ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ውሃ ጥም ያቃጠለው ውሻ እርጥብ አፈር ሲልስ አይቶ ጉድጓድ ስለወረደ ሰው ነግረውናል። ጫማውን ውሃ ሞልቶ፣ በጥርሱ ነክሶ ወጥቶ አጠጣው፤ አላህም ማረው። በሱረቱል ከህፍ የተወሱት፣ ለእምነታቸው ሲሉ ሕዝባቸውን ትተው ዋሻ የገቡት ወጣቶችም ሲጠቀሱ ውሻቸው አብሮ ተጠቅሷል።

«ሰው እየተራበ ስለ ውሻ ይወራልን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ልጁ ይቀድማል። በሱረቱ-ዱሓ የቲምን እንዳንጨቁን፣ ለማኝንም እንዳንገላምጥ ታዘናል። ግን ልብ በል! «ሰው ይቀድማል» የሚለው ሁሉ ለሰውም ሰጥቷልን? ውሻውን በድንጋይ የሚያባርር እጅና ልጁን ከሱቅ በረንዳ «ሂድ ከዚህ!» የሚል አፍ ብዙ ጊዜ የአንድ ልብ ናቸው። ረሕመት ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው የሚጎድል ገንዘብ አይደለም። «ለራሴም የለኝ» ለማለት ከማንም በላይ መብት የነበረው ያ የጎዳና ልጅ ነበር፤ እርሱ ግን አላለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ! ለልጅህ «ቢልስህ ታጠብ፤ አትምታው» ብለህ ሁለቱንም አንድ ላይ አስተምረው። በረንዳህ ላይ ላደረውም ልጅ ስሙን ጠይቀህ አብላው። ምናልባት ከሰጠኸው ላይ ቆርሶ ለውሻው ሲጥል ታይ ይሆናል። ያን ጊዜ አትቆጣው፤ ምጽዋትህ ከአንድ ነፍስ አልፎ ለሁለት ደርሷልና። አላህ (ሱ.ወ) ከአዛኞቹ ያድርገን። አሚን።