ለማታውቂው ሰው ስትመልሺ

የእህቴ ልጅ፣ ማታ ማታ በስልክሽ የማታውቂያቸው ሰዎች ለሚጠይቁሽ መልስ ስትጽፊ እንደምታመሺ እናትሽ ነገረችኝ። እሷ ለዓይንሽ ሰግታ ነው፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። አንዱ የደብረ ታቦር ብርድ በየትኛው ወር እንደሚብስ ይጠይቅሻል፤ ሌላዋ ከቤይሩት ሆና ኮባ ያጣች ድፎ ዳቦዋን በምን እንደምትጠቀልል ትጠይቅሻለች፤ አንዱ ደግሞ ዓመታችሁ ለምን ከዓለም ወደኋላ ቀረ ይልሻል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እያሉ የሚተቹሽን አትስሚ። አንቺ ተጠርተሽ ነው አቤት ያልሽው።

ይህን ሥራ አቅልዬ የማላየው የአባ ጎርጎርዮስን ታሪክ ስለማውቅ ነው። የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ ከኢየሱሳውያን ጋር በመወዳጀታቸው በዐፄ ፋሲል ዘመን ከአገር ወጥተው ሮም ደረሱ። በፈረንጆቹ 1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ እዚያ አገኛቸው፤ በ1652 ደግሞ ጎታ ከተማ፣ መስፍኑ ኤርንስት ቤተ መንግሥት ድረስ አስጠራቸው። የተጠየቁት ስለ ነገሥታቱና ስለ ሃይማኖቱ ብቻ አልነበረም፤ ስለ አገሩ አውሬ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ሕዝቡ ኑሮና ልማድም ነበር። ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በመርከብ ሲጓዙ ባሕር ላይ አደጋ ደርሶባቸው ሞቱ። ሉዶልፍ ግን ከእሳቸው የሰማውን ይዞ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አውሮፓ ከሉዶልፍ መጻሕፍት ስለ እኛ ካወቀችው ብዙው የተቀዳው አንድ ስደተኛ መነኩሴ ለአንድ ጠያቂ ወጣት ከሰጡት መልስ ነው። እሳቸው ለአገር ክብር ብለው ጨማምረው ቢሆን ኖሮ፣ ጭማሪው በላቲን ታትሞ ከመጻሕፍት ወደ መጻሕፍት ሲገለበጥ ይኖር ነበር። ዛሬ ማታ የምትጽፊውም ማን ዘንድ እንደሚደርስ አታውቂም፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ስለዚህ መልስሽ ከየት እንደመጣ ለይተሽ ንገሪ። ያየሽውን «አየሁ»፣ ያነበብሽውን «አነበብኩ»፣ የሰማሽውን «ይባላል» በይ። የአብነት ተማሪ ከጎጃም ተነሥቶ ለድጓ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ድረስ በእግሩ ይጓዝ የነበረው ለምን ይመስልሻል? ትምህርቱ በየአገሩ አለ፤ እሱ የሚፈልገው ምስክሩን ነበር። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና እንዲህ አሉ ወይ ብሎ አንድ ቀልድ የሚልክልሽ ሰው ብዙ ነው። ያልተናገሩት ሁሉ ስንት ዘመን ሲለጠፍባቸው ኖሯል። «በስማቸው ይነገራል፣ የሳቸው ለመሆኑ ማስረጃ አላየሁም» ማለት አለቃን አያሳንስም። የተክሌ ዝማሜን ጉዳይ ለሚጠይቅሽ ግን ደብረ ታቦር ኢየሱስ የዚያ አቋቋም ምስክር ቤት መሆኑን ያለ ፍርሃት ንገሪው።

አላውቅም ማለትም መልስ ነው፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚባለው ስልክ ላይ በየቀኑ ሲፈጸም ታያለሽ፤ ትናንት ሱቅ ሲጠብቅ የነበረ ልጅ ዛሬ ሐኪም ነኝ ብሎ መድኃኒት ያዛል። አንዲት እናት የልጇን ትኩሳት ነግራሽ ምን ልስጠው ስትልሽ፣ አያትሽ የሚያውቁትን ሥር ቅጠል እንዳትጽፊላት። ኮሶ እንኳ ስንት ዘመን ያገለገለን መድኃኒት ሆኖ መጠኑ ሲያልፍ ይጎዳል። «አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ብለሽ ጻፊላት፤ ነገ ደግሞ ልጁ እንዴት አደረ ብለሽ ጠይቂያት።

ትንሽ የሚመስለውን ጥያቄ አትናቂ። ባቄላው ደብረ ታቦር ላይ ለምን አልበስል አለኝ ያለችሽ አዲስ ሙሽራ ከባሕር ዳር የመጣች ትሆናለች። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በመቶ አይደለም። እሳት ብትጨምር ውኃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ማታ ዘፍዝፋ ታሳድረው፣ ጊዜም ትስጠው። ይህን ብትነግሪያት ባለሙያ አይደለሁም ብላ ማፈሯ ይቀርላታል። የዓመቱን ነገር ለሚጠይቅሽም እንዲሁ በደንብ አስረጂው፦ እኛ የጌታን ልደት የምንቆጥረው በእስክንድርያ ሊቃውንት ስሌት ነው፣ ምዕራባውያን ዲዮናስዮስ በስድስተኛው መቶ ዘመን ሮም ላይ የሠራውን ስሌት ያዙ፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሆናል። ወደኋላ የቀረ የለም።

የሚያናድድም ጥያቄ ይመጣል። ጥሬ ሥጋ ትበላላችሁ ወይ የሚለው የቆየ ነው፤ ተጓዡ ጀምስ ብሩስ ጎንደር ተቀምጦ፣ በጌምድርን አይቶ ተመልሶ በ1790 የጻፈውን አውሮፓ በሳቅ ነበር የተቀበለችው፤ ከሁሉ በላይ ያላመኑት ስለ ሥጋው የጻፈውን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አዎ እንበላለን፣ በሠርግና በበዓል፣ በሚጥሚጣና በአዋዜ በይው፤ የኮሶ ትል እንደሚያመጣም አትደብቂ። በጠያቂው ላይ አትሳለቂበት፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ አንዴ የተሳቀበት ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም፣ ያልጠየቀውንም ከሌላ ከማያውቅ ሰው ይሰማዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ አንድ ነው። «በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። ስለ ረኃብ ስንጠየቅ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጀግንነት የምንመልስ ብዙዎች ነን። የ77ቱን ድርቅ ሥዕል አይቶ ዛሬም እንደዚያ ናችሁ ወይ ያለሽን ሰው አትቆጪው። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ይታጨዳል፣ ፋርጣ ድንችና ገብስ ያመርታል፤ ጋይንት ውስጥ ደግሞ ዛሬም የሴፍቲኔት እርዳታ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ሦስቱም እውነት ናቸው፣ ሦስቱንም ንገሪው። ድህነታችንን የደበቅንለት ሰው ስለ ታሪካችን የምንነግረውንም አያምንም።

መልስ የማይገባው ጥያቄም አለ። እገሌ የት ሰፈር ነው፣ ማን ቤት ገንዘብ አለ፣ የትኛው መንገድ ላይ ማን ታየ ለሚልሽ ዝም በይ። በዚህ ጊዜ አንድ ቃል ሰው ያስገድላል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ዘመድ ነኝ ብሎ የሚጠይቅ ቢሆን እንኳ ስሙን ተቀብለሽ ለባለቤቱ አድርሺ እንጂ የባለቤቱን አድራሻ ለእሱ አትስጪ። ይህን ያህል የምጠነቀቀው ጥያቄን ስለምጠላ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በውጭ ያለ ልጅ «እናቴ ደህና ናት?» ብሎ የሚጠይቀው አጥቶ እንዴት እንደነበር አይተናል። መስመሩ ሲከፈት ስንቱ ለማያውቀው የደብረ ታቦር ሰው እየጻፈ «እባክህ እዚያ ሰፈር ብቅ በልልኝ» አለ። እንዲህ ያለው ሲመጣ ሌላውን ሁሉ ትተሽ እሱን አስቀድሚ።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ስለ ሴባስቶፖል የጠየቀሽን ልጅ ገና እንዳልመለስሽለት ሰምቻለሁ። መድፉ ያለው መቅደላ አምባ ላይ መሆኑን፣ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚያየው አምሳያው መሆኑን አሁኑኑ ጻፊለት። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ያን ብረት ጋፋት ላይ ያቀለጡት የሚሲዮን ፈረንጆችና የእኛው ሠራተኞች ናቸው፤ ሠራዊቱ ደግሞ በገደልና በአቀበት እየጎተተ ለወራት ደክሞ መቅደላ አደረሰው። ጋፋት ላይ ዛሬ ምን ቀረ ላለው ግን ከስልክ ገልብጠሽ አትመልሺለት። ከከተማችን በእግር የሚደረስ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሂጂ፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሰላም ብለሽ ጠይቂ፣ ፈቃዳቸውን ካገኘሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪለት።