እርሾና ሽቦ

ሁለት ሱሶች አሉብኝ። አንደኛው ምግብ ነው፤ መብላቱ ብቻ ሳይሆን አሠራሩ፣ ታሪኩ፣ ሽታው፣ ድምፁም ጭምር። ሁለተኛው ወዳጆቼ “የተበላሸ ሬዲዮ” የሚሉት ሙዚቃ ነው፤ በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚቀመም፣ ዜማው የማይያዝ፣ እስክስታ የማይወረድበት። ስለ መጀመሪያው ሳወራ ሰው ሁሉ ወንበሩን ያስጠጋል። ስለ ሁለተኛው ስጀምር ሰዓቱን ያያል። እኔ ግን ሁለቱን ለያይቼ አላውቅም። በሁለቱም ዘንድ የሚማርከኝ አንድ ነገር ሌላ ነገር ሲሆን ማየት ነው። መቼም ለውጥ ካለ የተለወጠው ነገር የማን ነበር የሚል ጥያቄ አይቀርም። ከሰው የወሰድነውን ለውጠን የራሳችን ስናደርገው ዕዳችን ምንድን ነው?

ነገሩን ከካይሮ ልጀምር። ሐሊም ኤል-ዳብ የተባለ ግብፃዊ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለ፣ ድምፅን በቀጭን ሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ይዞ ወደ አንድ የዛር ሥርዓት ገባ። (የዛር ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም።) ሥርዓቱ የሴቶች ስለ ነበር እሱና ጓደኛው የገቡት እንደ ሴት ተከናንበው ነው። የቀረጸውን ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ወስዶ፣ በማስተጋቢያ ክፍል እያጫወተ፣ ዋናውን ድምፅ ቀንሶ ጥላውን አስቀረ። ሴቶቹ ጠፉ፤ የገደል ማሚቷቸው ቀረ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ከባቡር ድምፅ የሠራውን ዝነኛ ሥራ ለጆሮ ያበቃው ከዚያ በኋላ፣ በ1948 ነው።

ይህን ሥራ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ቡሃቃ ነው። ጤፍ ተቦክቶ እርሾ ሲገባበት፣ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ፣ ጆሮውን ለሚያስጠጋ ሰው ሊጡ ይናገራል። ፍኝ ፍኝ እያለ ይተነፍሳል። ከላይ የሚያቀረውን ውሃ ደፍቶ፣ ከሊጡ ጥቂት ቀንሶ አብሲት አፍልቶ መልሶ መቀላቀል ይከተላል። ከዚያ በጋለው ምጣድ ላይ እንጀራው ዓይን ያወጣል። ዱቄቱ የት ሄደ? አለም፣ የለምም።

እነሆ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ኤል-ዳብ ልሆን ተነሣሁ። አክስቴ እንጀራ ስትጋግር መቅረጫ ከመደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አልነገርኳትም። ብነግራት ዝም ትላለች ብዬ ፈራሁ። የማሰሻው ሽርሽርታ፣ የሊጡ ቺስታ፣ የአክንባሎው ግጭት፣ ሁሉም ተቀረጸ። ከሁሉም በላይ ግን የእሷ እንጉርጉሮ ነበር፤ ብቻዋን መስላት ለሞተ ልጇ የምታንጎራጉረው። ከቃሉ አጽድቼ፣ አርዝሜ፣ አሳስሼ፣ የአሥራ አንድ ደቂቃ ሙዚቃ ሠራሁ። ለወዳጆቼ አሰማሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሰዓቱን አላየም።

አንድ ቀን ቤት መጥታ ሳለ ሙዚቃው ተከፍቶ ነበር። ቃል የለውም፤ ዜማው አይያዝም፤ ማንም የእሷ ነው ሊል አይችልም። እሷ ግን ስኒዋን አስቀመጠች።

“ይሄ እኔ ነኝ” አለች።

አልካድኩም። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው። “ድምፄን ከወሰድክ አይቀር፣ ስሙን ለምን አወጣኸው?” አለችኝ። የልጇን ስም ማለቷ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ ከራሴ ጋር። ለመሆኑ ያልተወሰደ ነገር አለ? እርሾው ራሱ ከጎረቤት የመጣ አይደለም? ሁሉ ሰው ፈቃድ ይጠይቅ ቢባል የ1944ቱ ሥራ ባልኖረም ነበር። ይህ እውነት ነው፤ እኔም ያን ሥራ ማጣት አልወድም። ይሁንና በሌላው በኩል የጤፋችን ታሪክ አለ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ለጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ፓተንት ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአውሮፓ ፓተንት ቢሮ አገኘ። በ2018 ማብቂያ የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ፓተንቱን በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። ያኔ ሁላችንም ተቆጥተን ነበር፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። በኩባንያው ላይ የተቆጣሁበትን በራሴ ላይ ሲሆን “ጥበብ” ብዬ ልጠራው ነው?

እንደ እኔ እንደ እኔ ልዩነቱ ያለው በመውሰዱ ሳይሆን በመመለሻው መንገድ ላይ ነው። እርሾ ከጎረቤት የወሰደች ሴት ደጁን ታውቀዋለች፤ ነገ የዚያች ቤት እርሾ ሲያልቅ የሚንኳኳው የእሷ በር ነው። እንዲያውም ኤል-ዳብ ራሱ ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ክራሩን፣ ማሲንቆውንና ዋሽንቱን የሚጫወቱት ሰዎች በግልጽ መድረክ ላይ ፊታቸው እየታየ ተቀመጡ። ያን ያደረገው የካይሮዎቹን ሴቶች አስቦ ነው አልልም። እኔ ግን ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንዱ ሌላውን ይጠይቀዋል።

ስሙን መለስኩት። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ጉምጉምታ መሐል፣ የአክስቴ ድምፅ ሳይለወጥ ይወጣና ልጇን ይጠራል። በሙዚቃነቱ ሥራው ተጎድቷል። ጆሮ የለመደውን ያቋርጣል፤ አንድ ወዳጄም “አበላሸኸው” ብሎኛል። ልክ ነው። አክስቴ ግን አሁን ቤቴ ስትመጣ ክፈትልኝ ትላለች፤ እስከ ስምንተኛው ደቂቃ ታዳምጥና “በቃ፣ ዝጋው” ትለኛለች። የቀረውን ሦስት ደቂቃ እስካሁን አልሰማችውም።

ያማረው ሥራ ይሻል ነበር ወይስ የተመለሰው ስም? ውድ አንባቢ፣ እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ያስቀሩ ነበር?